ጥምር ካቢኔ እንዴት ይመሠረታል፣ እንዴትስ ይፈርሳል?

አዲስ የሚኒስትሮች ሹመት በታወጀ ማግስት ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጯም፣ መምህሩም፣ ጣርማ በርን አቋርጦ የወረደው ሾፌርም ቀድሞ የሚጠይቀው «ከእኛ አገር ማን ገባ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይናቅም። በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ለራቀች ትንሽ ከተማ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያውቃት ሰው መኖሩ የመንገድ፣ የውኃና የሐኪም ቤት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። የመቶ ዓመት የካቢኔ ታሪካችንን ላገላበጠ ሰው ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። የገባው ሰው ካልተስማማ በየት በኩል ይወጣል? ከወጣስ በኋላ ምን ይገጥመዋል? ሥልጣንን መጋራት በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ደጋግመን ተጋርተናል። የቸገረን በሰላም መለያየት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፓርቲ ነገር አልነበረም። አፈ ንጉሥ ነሲቡ ለፍርድ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለጦር፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ለገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ለጽሕፈት፣ ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ለእርሻ ተሾሙ። ብዙዎቹ በቤተ መንግሥት አገልግሎት ያደጉ እንጂ የራሳቸው ግዛትና ጦር ይዘው የመጡ መሳፍንት አልነበሩም። ሿሚው አንድ፣ ሻሪውም አንድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጤና እስካሉ ድረስ ይህ ይሠራል፤ ሲታመሙ ግን ሚኒስትሮቹን አንድ ላይ የሚያስር ነገር አልተገኘም። ልጅ ኢያሱ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ የሸዋ መኳንንትና የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በየፊናቸው የተሳሳቡት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

እውነተኛው የመጀመሪያ ጥምረት የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ነው። ዘውዱ ለንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱና የዕለት ተዕለት አስተዳደሩ ለራስ ተፈሪ መኮንን ሆነ፤ ጦሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እጅ ቀረ። የስምምነቱ ዋጋ የተከፈለው በሰሜን ሸዋ ምድር ነው። ልጃቸውን ለመመለስ ከወሎ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደምስሰው ራሱንም ገደሉት፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ እሳቸው ተሸንፈው ተማረኩ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ደጋ ላይ የወደቀው ወታደር የሞተው፣ በዛሬ ቋንቋ ብንናገረው፣ ለአንድ የሥልጣን ክፍፍል ውል ነበር።

ውሉ ግን የተጻፈ አልነበረም፤ ሦስቱ ሰዎች አንዱ ሌላውን የሚፈራበት ሚዛን ነበር። ሚዛኑ ከታች የነበሩትን ሚኒስትሮች ሊያድናቸው እንዳልቻለም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በመጋቢት 1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደሮች ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ ጉቦ በሉ፣ አገር አበላሹ ብለው እንዲነሱ ጠየቁ። ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ተሻሩ። አንድ ሙሉ ካቢኔ በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን በሠፈር ጩኸት ወደቀ። እኔ ይህን ክስተት ከሰገሌ ባላነሰ ትኩረት ልናነበው ይገባል እላለሁ። ሚኒስትርን የማውረድ ሕጋዊ መንገድ በሌለበት አገር የማውረዱ ሥራ ጠመንጃ ለያዘ ሰው እንደሚተርፍ ያን ጊዜ ታይቶ ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. እንደገና አየነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ (አባ መላ) እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም.፣ በወንበራቸው ቆዩ። ያቆያቸው ብልሃታቸውና ጦራቸው ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሌላ ዓይነት ጥምረት ማበጀት ነበረባቸው። አንድ ወገን በዱር በገደል የተዋጋው አርበኛ፣ ሌላው ከእሳቸው ጋር የተሰደደው፣ ሦስተኛው ከጣሊያን ጋር ሠርቶ አሁን የሚያስፈልገው የተማረ ሰው። በሸዋ ተራሮች የአርበኝነቱን ትግል ከመሩት አንዱ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በመጨረሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት መሪ ሆነው በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። ከስደት የተመለሱት መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ሦስቱን ወገኖች ያስማማቸው የጋራ ፕሮግራም ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱ የማመዛዘን ጥበብ ነው። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን መርጦ እንዲያቀርብ የሚፈቅድ ትእዛዝ ወጣ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም በዚያ መሠረት ካቢኔ አቀረቡ። ስምንት ዓመት ያህል ቆይተው በየካቲት 1966 ዓ.ም. መላ ካቢኔያቸው ሥልጣኑን ለቀቀ። የተኳቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ከአምስት ወር አላለፉም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለቱም የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስድሳ ያህል ሰዎች መካከል ነበሩ። ሥልጣን መልቀቅ ነፍስ እንደማያድን አገሩ ሁሉ የተማረው ያን ሌሊት ነው። ትምህርቱ አልጠፋም፤ ሹመኛው ወንበሩን የሙጥኝ የሚለው ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንትና ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረው፤ ፓርቲው ግን አንድ ስለነበር ከማን ጋር ጥምረት ይደረጋል?

አንድ አዲስ ፕሬዚዳንት በእርግጥ ጥምር ካቢኔ ያቋቋመበት ጊዜ 1983 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ከሰኔ 24 እስከ 28 አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ከሃያ በላይ ድርጅቶች ተቀመጡ። ኢሕአፓና መኢሶን አልተጋበዙም። የወጣው የሽግግር ወቅት ቻርተር 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አቆመ። ኢሕአዴግ 32፣ ኦነግ 12 ያዙ፤ የቀረው በየብሔረሰቡ ስም ለተቋቋሙ ድርጅቶች ተከፋፈለ። አቶ መለስ ዜናዊ ፕሬዚዳንት፣ ከኢሕአዴግ አባል ድርጅት ከኢሕዴን የመጡት አቶ ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ቻርተሩ ፕሬዚዳንቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የምክር ቤቱ ምክትል ሰብሳቢና ጸሐፊው ከተለያዩ ብሔረሰቦች እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር። የካቢኔ አባላትን ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ አብረው እንዲሾሙ ሲፈቅድ ሦስት መስፈርት አስቀመጠ፤ ሰፊ አገራዊ ውክልና፣ የሙያ ብቃት፣ ለቻርተሩ የጸና ታማኝነት።

በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ የጥምር መንግሥት ደንብ ከዚያ በፊት አልነበረንም። ክፍፍሉን ግን እንየው። መከላከያን አቶ ስየ አብርሃ፣ ውጭ ጉዳይን አቶ ስዩም መስፍን፣ አገር ውስጥን አቶ ኩማ ደመቅሳ ያዙ፤ ሦስቱም የኢሕአዴግ። ኦነግ አራት ሚኒስቴሮች አገኘ። እርሻ ለአቶ ዘገየ አስፋው፣ ትምህርት ለአቶ ኢብሳ ጉተማ፣ ማስታወቂያ ለዶክተር ዲማ ነገዎ፣ ንግድ ለአቶ አህመድ ሁሴን ተሰጠ። እርሻና ትምህርት ተራ ወንበር አይደሉም፤ በደርግ ዘመን የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ኃላፊ የነበሩት አቶ ዘገየም መሥሪያ ቤቱን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ነገር ግን የጠመንጃውና የፖሊሱ ትእዛዝ በአንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ኦነግም የራሱን ጦር አልፈታም። ሁለት ጦር ያለው አንድ ካቢኔ ማለት ነው። በሰኔ 1984 ዓ.ም. የክልልና የወረዳ ምርጫ ሲደርስ ኦነግ በደል ተፈጸመብኝ ብሎ ከምርጫው ወጣ፤ ቀጥሎም ከመንግሥቱ። ሚኒስትሮቹ ወንበራቸውን ለቀቁ፣ ጦሩ ከካምፕ ወጣ፣ ውጊያ ተጀመረ።

ተከትሎ የደቡብ ድርጅቶች ተራ ደረሰ። በ1985 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተደረገ የተቃዋሚዎች ስብሰባ ተካፍለው የስብሰባውን መግለጫ በመደገፋቸው ከምክር ቤቱ ተባረሩ፤ የትምህርት ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር በየነ ጴጥሮስም ከመንግሥት ወጡ። ቻርተሩ የገባውን ሰው እንዴት እንደሚሾም እንጂ ሐሳቡ ሲለይ እንዴት በክብር እንደሚሰናበት አልጻፈም። የቀሩትም አልተረፉም። የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተባርረው ለረጅም ዓመታት ታሰሩ፤ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስየ በ1993 ዓ.ም. ከሕወሓት መሰንጠቅ በኋላ ወኅኒ ወረዱ።

የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ዘመን በሌላ በኩልም ያስታውሰዋል። በጉባኤው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተቃወሙት ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ በኋላ መዐሕድን መሠረቱ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግር ምክንያት ተከሰውም ተፈረደባቸው። የአማራው ውክልና በኢሕዴን በኩል ካቢኔው ውስጥ ተሟልቷል ይባል ነበር። ብዙ ሰው ደግሞ የእኔ የሚለው ድምፅ ያለው እስር ቤት ውስጥ ነው ብሎ ያምን ነበር። የብሔር ኮታ መሙላትና ሕዝብ የሚቀበለውን ወኪል ማስገባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ካቢኔ የማቋቋም ሥልጣን የለውም። ዛሬ ፕሬዚዳንት ታዬ አጽቀ ሥላሴ፣ ከእሳቸው በፊት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ፣ ሙላቱ ተሾመ፣ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስና ነጋሶ ጊዳዳ የያዙት ወንበር የርዕሰ ብሔርነት ነው። ሥራ አስፈጻሚውን የሚያደራጀው በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ወይም ጣምራ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ከሁለቱ ምክር ቤቶች ወይም ከውጭ ብቃት ካላቸው ሰዎች መርጦ ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ፕሬዚዳንቱ ወደ መድረኩ የሚመጣው አንቀጽ 60 ላይ ነው። ጣምራው ፈርሶ አብላጫነቱን ካጣ ፓርቲዎቹ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ከአንድ ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ይጋብዛቸዋል። ካልቻሉ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል።

አንድ ሳምንት! ቤልጅየም እ.ኤ.አ. ከ2010 ምርጫ በኋላ መንግሥት ለማቆም 541 ቀን ፈጅቶባታል። ያን ያህል መዘግየት አልመኝም። በጦርነት ወይም በጥርጣሬ ለተለያዩ ፓርቲዎች ግን ሰባት ቀን ለመተዋወቅ እንኳ አይበቃም። አንቀጹ አንድም ቀን ሥራ ላይ ስላልዋለ ጉድለቱ አልታየም።

ሥራ ላይ ያልዋለበትም ምክንያት አለው። ኢሕአዴግ ራሱ ጥምረት ነበር፤ ግንባሩ የተሠራው ከአራት ድርጅቶች ነው፤ እያንዳንዳቸው ለግንባሩ ምክር ቤት 45፣ ለሥራ አስፈጻሚው ዘጠኝ ሰው ይልኩ ነበር። የካቢኔው ድርድር የሚያልቀው ፓርላማው ሳይሰማ በዚያ ቤት ውስጥ ነበር። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በግንባሩ ምክር ቤት ሲመረጡ 180 ሰዎች የሌላውን 100 ሚሊዮን ዕጣ የወሰኑት በዚሁ አሠራር ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ሲቀርብ የጾታው ሚዛን በዓለም ተወራ፤ መከላከያን ወይዘሮ አይሻ መሐመድ፣ አዲሱን የሰላም ሚኒስቴር ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ያዙ። ይሁንና በዚያው ወቅት ትልቁ ሚዛን እየተናጋ ነበር። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት ሕወሓት አልዋሃድም አለ። ለ28 ዓመት ያህል የአገሪቱን ካቢኔ የዘወረ ጥምረት ፈረሰ፤ ፍቺውን የሚዳኝ ሕግም ሽማግሌም ሳይገኝ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጦርነት ሆነ። የጦርነቱን መነሻ ሌሎች በሌላ መንገድ ይተነትኑታል፤ እኔ ግን ያለ ፍቺ ሥርዓት የፈረሰ ጥምረት አድርጌም አየዋለሁ።

የ1997ቱን ምርጫ ሳላነሳ ብቀር ዳሰሳው ይጎድላል። ከአራት ፓርቲዎች የተሠራው ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ፤ ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ከንቲባ ተብለው ተመረጡ። ካቢኔው አልተቋቋመም። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ስር ቆየች። በመስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. እኚሁ ሰው የኢዜማ መሪ ሆነው፣ በምርጫው ወንበር ሳያገኙ፣ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የአብን ሊቀመንበር አቶ በለጠ ሞላ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂን፣ የኦነጉ አቶ ቀጄላ መርዳሳ ባህልና ስፖርትን ተረከቡ። ከ22 ሚኒስትሮች ሦስቱ ከተፎካካሪ ፓርቲ መሆናቸው ነው።

ይህ በቅንነት ሊመሰገን የሚገባው እርምጃ ነው፤ በአብላጫ ድምፅ ያሸነፈ ፓርቲ ሳይገደድ ያደረገው ነውና። ጉድለቱም ያለው «ሳይገደድ» በሚለው ውስጥ ነው። ብልጽግና ካቢኔውን ለማጽደቅ የአብን አምስት፣ የኢዜማ አራት ድምፅ አላስፈለገውም። የማያስፈልግ ሸሪክ ውል ማስፈረም አይችልም፤ የተሰጠውን አመስግኖ ይቀበላል። ስጦታ ደግሞ ሰጪው ባሻው ጊዜ ይወሰዳል። በየፓርቲዎቹ ውስጥ የተነሳው መራር ክርክር ከዚህ የመጣ ነው፤ ኢዜማ ተቃዋሚ ነው ወይስ ገዢ?

ሕገ መንግሥቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሚወስኑት ውሳኔ ሁሉ የጋራ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። ይህ ለእኛ አካባቢ የመጽሐፍ ነገር ሆኖ አልቀረም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የአብን ሊቀመንበር የዚያ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በዚያው ሰሞን ከአብን ተመርጠው ፓርላማ የገቡት አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ። አንድ ፓርቲ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዋጅ አውጪም እስረኛም ሆነ። ሊቀመንበሩ ተስማምተው ነበር? ተቃውመው ነበር? የካቢኔ ስብሰባ ምሥጢር ስለሆነ መራጩ ሊያውቅ አይችልም። አብንን መርጦ የነበረ የደብረ ሲና ሰው ማንን ይጠይቅ? በሌላ አገር ቢሆን ይህን የሚመልስ የተጻፈ የጥምረት ውል ይኖር ነበር፤ በየትኛው ጉዳይ አብረን እንቆማለን፣ በየትኛው እንለያያለን፣ ካልተስማማን ማን ያስታርቃል የሚል።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢትን ስናልፍ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። በከሚሴ የተቀመጠው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው፤ የአርጎባውም የራሱ ልዩ ወረዳ። መልካም ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ሰሜን ሸዋንና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የግድ የሚያስቀምጥ የጋራ አስፈጻሚ አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱ ወንበር ነበረው፤ የጋራ የሆነ ግን አንድም አልነበረም። ጥምር አስተዳደር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ የወሰን አካባቢ ይመስለኛል። ውይይቱ ግን ሁልጊዜ ከአራት ኪሎ አይወርድም።

የቅርቡ ፈተና ትግራይ ነው። የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት አካታች ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም ወሰነ፤ በመጋቢት ወር አቶ ጌታቸው ረዳ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፣ ከሕወሓት ሌላ የጦር አመራሮችንና የባይቶና ፓርቲን ሰዎች የያዘ ካቢኔም አቆሙ። አስተዳደሩን የሰበረው ሕወሓት ለሁለት መከፈሉ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሥልጣኑ ለሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ተላለፈ። አቶ ጌታቸው ከመቀሌ ተገፍተው ቢወጡም አልተገደሉም፣ አልታሰሩም። በእኛ ታሪክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጎረቤትም ከሩቅም የምንማረው ብዙ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከምርጫ ደም መፋሰስ በኋላ ኪባኪና ራይላ ሲስማሙ ስምምነቱን ፓርላማው ሕግ አደረገው። ከጥምረቱ ፓርቲ የመጣን ሚኒስትር ፕሬዚዳንቱ ያለ ፓርቲው መሪ ስምምነት ማባረር አይችልም ነበር። ካቢኔው ከመጠን በላይ ተለጥጦ አገሪቱን ብዙ ወጪ አስወጥቷል፤ ግን አምስት ዓመት ኖሯል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1993ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥቷ በፓርላማ 20 ወንበር ያገኘ ፓርቲ ሁሉ ካቢኔ የመግባት መብት እንዲኖረው ደነገገች፤ ማንዴላ በችሮታ የሰጡት አልነበረም። የዴ ክለርክ ብሔራዊ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ልውጣ ሲል ወጣ፤ እሳቸውም በማግስቱ የተቃዋሚ መሪ ሆነው ፓርላማ ተቀመጡ። ጀርመንም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ጥምረቷ ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የገንዘብ ሚኒስትሩን አሰናበተ፣ የመተማመኛ ድምፅ ተጠየቀ፣ በየካቲት ምርጫ ተደረገ። የተባረረው ሚኒስትር በማግስቱ የምርጫ ቅስቀሳውን ጀመረ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሹመትን የመብያ ጊዜ ያደረገው የሰው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከሹመት በኋላ የሚጠብቀው የማይታወቅ መሆኑም ጭምር ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጥምር ካቢኔ ሲመሠረት ሦስት ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ። የፓርቲዎቹ ውል በጽሑፍ ሆኖ በነጋሪት ጋዜጣ ይውጣ። ሚኒስትሩን ማን እንደሚያነሳውና ሲነሳ ፓርቲው ምን መብት እንደሚኖረው ውሉ ውስጥ ይግባ። አንቀጽ 60 ላይ ያለው አንድ ሳምንት ወደ አንድ ወይም ሁለት ወር ይራዘም። ሕገ መንግሥት ማሻሻል ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ማሻሻያ አያስፈልጋቸውም፣ ተፎካካሪ ፓርቲዎች ወንበር ከመቀበላቸው በፊት በጠቅላላ ጉባኤያቸው ወስነው ሊያስፈርሙ ይችላሉ።